ከካርታው የወጣው የጥድ አፋፍ መንገድ

ፈንታነሽ የተወለደችው ገሳይ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ጠርዝ በተሠራች ቤት ውስጥ ነው። እኩዮቿ የማን ላም እንደምታገሳ ሲለዩ እሷ የምትለየው መኪና ነበር። ጓዳ ውስጥ ሆና ድምፁን ብቻ ሰምታ «ይሄ ከወልድያ የሚመጣ ጭነት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ባዶውን ወደ ወረታ የሚወርድ» ትላለች። ወጥተው ሲያዩ እንዳለችው ይሆናል። አባቷ በሕይወት ሳሉ «የገበሬ ልጅ ወለድኩ ስል የኬላ ጠባቂ ወለድኩ» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ካርታ የሚባለውን ነገር የወደደችው ግን በአገሯ አይደለም፤ ኩዌት ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የማዳሟን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ ራጁ የሚባል ህንዳዊ ሹፌር ነበር። መኪናው ውስጥ የታጠፈ የመንገድ ካርታ አለው። ፈንታነሽም ልጆቹን ይዛ አብራው ትሄዳለችና፣ አድርሰው ሲመለሱ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ መስመሩን ትከተላለች። መኪናው ሲታጠፍ ጣቷም ይታጠፋል። ከዚያች ጉዞ በቀር ከግቢ መውጣት ለማይፈቀድላት ሴት ከተማው ሁሉ በመዳፏ ሥር ሆነ። ራጁ እንደቀልድ ያስተማራት ነገር እሷ ልብ ውስጥ ገባ።

አገሯ ስትመለስ ያጠራቀመችውን ሰብስባ ባጃጅ ገዛች። ደብረ ታቦር ላይ ሴት ባጃጅ ስትነዳ ማየት ያን ጊዜ ገና ብርቅ ስለነበር፣ መጀመሪያ አካባቢ ተሳፋሪው ጠጋ ብሎ ፊቷን አይቶ ወደ ሌላ ባጃጅ ያልፍ ነበር። ቆይቶ ግን «የፈንታነሽ ባጃጅ ጉድጓድ አያውቃትም» መባል ጀመረ። እውነትም የከተማዋን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ ታውቀዋለች።

ከመናኸሪያው ማዶ የዓለምነው ጎሚስታ ቤት አለች። ዓለምነው ጎማ ይለጥፋል፣ ይነፋል፤ አፉ ግን ከእጁ ይበልጥ ይሠራል። እዚያ ቤት ጎማ የፈነዳበትም ያልፈነዳበትም ይሰበሰባል፤ ወሬው መንገድ ነው። የትኛው ኩርባ ተስተካከለ፣ የትኛው ድልድይ ተሰነጠቀ፣ የትኛው ጠጠር መንገድ አስፋልት ሊለብስ ነው። ራሳቸውን በቀልድ «ማኅበረ ጎዳና» ብለው ሰይመዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ያልሄዱበትን መንገድ መርጠው ይሄዳሉ፤ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው፣ መንገዱን ለማየት ብቻ። የማኅበሩ ታላቅ ጋሼ ይርጋ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው።

በማኅበሩ ትልቁ ክርክር ግን በካርታ ላይ ነበር። ዓለምነው ግድግዳው ላይ ሁለት ካርታ ለጥፏል፤ ሁለቱም መንግሥት ያሳተማቸው የመንገድ ካርታዎች ናቸው፣ አንዱ የድሮ፣ አንዱ አዲስ። የድሮው ወረቀቱ እንደ ብራና የወፈረ ነው፤ ተራራው ጥላ አለው፤ የጉና ተራራ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ያለ ይመስላል። አዲሱ ያብለጨልጫል፤ አስፋልቱ ቀይ፣ ጠጠሩ ቡናማ፣ የበጋ መንገዱ ነጠብጣብ። ግን ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ ሐሙሲትም በእጥፋቱ ላይ ስለወደቀች ካርታው ግድግዳ ላይ ሳይወጣ በመታጠፍ በመዘርጋት ተቀድዳለች።

«እኔ የተወለድኩባትን ከተማ ቀዳዳ አደረጓት» ይላል ዓለምነው።

«ቀዳዳ መዝጋት ሥራህ አይደል፣ ለጥፋት» ትለዋለች ፈንታነሽ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት፣ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን እያየች ሳለ ጣቷ ቆመ። በድሮው ካርታ ላይ ከገሳይ ወደ ቆላው የሚወርድ ነጠብጣብ መስመር አለ። ወይብላ ወንዝን ተሻግሮ ጥድ አፋፍ የምትባል መንደር ይደርሳል። በአዲሱ ላይ መስመሩ የለም። መንደሯም የለችም።

ጥድ አፋፍ የእናቷ አገር ናት። እናቷ ለተሥላሴ ከዚያ ነው ተድረው የመጡት። ገሳይ ላይ በበቅሎ ያልገባች ሙሽራ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የመንገድ ሥራ ጭነት መኪና ላይ ተጭነው፣ ሚዜዎቹ መኪናው በጫነው አሸዋ ላይ ቆመው እየዘፈኑ መጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው፣ መንገዱም ተረሳ። ለተሥላሴ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ያም ቀረ። ታላቅ እህታቸው እትዬ አትጠገብ አሁንም እዚያው ናቸው። እህትማማቾቹ ከተያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በገበያተኛ አፍ ሰላምታ መላላክ ብቻ ነው የቀራቸው።

«ጋሼ ይርጋ፣ ይሄን መንገድ ያውቁታል?» አለች።

ጋሼ ይርጋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ካርታው ላይ አጎነበሱ። «እስከ ወንዙ ጠርጌዋለሁ» አሉ። «ከወንዙ ወዲያ ሌላ ሰው ነው የሠራው። ጥሩ መንገድ ነበር፤ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አይተን ነው የቆረጥነው።»

ዓለምነው ሳቀ። «ነበር ማለት የለም ማለት ነው። ባይሞት ኖሮ አዲሱ ካርታ ይቀብረው ነበር?»

አዲሱን ካርታ ከሠሩት አንዱ ጌጡ መሆኑን ፈንታነሽ ታውቃለች። ጌጡ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ የሞተር ብስክሌቱን ጎማ ዓለምነው ጋ ያስነፋል። በማግሥቱ ሲመጣ ጠበቀችው።

«የጥድ አፋፍን መንገድ ማን አጠፋው?»

ጌጡ ሳይደነግጥ «እኔ» አለ። ከዚያ እንደ እሷው ዓይኑ በራ። «ተጨንቄበት ነው። ከሰማይ በተነሳው ፎቶ መስመሩ ይታያል፣ መኪና ግን አይታይበትም። ድልድዩም የለም። የማይኬድበትን መንገድ ካርታ ላይ ብተው ሰው አምኖ ገብቶ ገደል ይቀርብኛል። ባወጣው ደግሞ መንደሯ ትረሳለች። ሄጄ እንዳላይ የሚሰጠኝ መኪና አጣሁ፤ በሞተር ብቻዬን አልደፈርኩም።»

«እኔ ብሄድስ?»

«በምን?»

«በባጃጅ።»

ዓለምነው የያዘውን ጎማ ለቀቀው። ጌጡ ግን አልሳቀም። ስልኳን ተቀብሎ የሄደችበትን መንገድ ሁሉ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ነገር ጫነላት። «መስመሩን ካመጣሽልኝ መልሼ አስገባዋለሁ» አለ። «እኔም ብመጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ለስብሰባ ባሕር ዳር ነኝ።»

የጥር ጊዮርጊስ ደርሶ ነበር። የጥድ አፋፍ ታቦት ጊዮርጊስ ነው። ፈንታነሽ በዋዜማው ጠዋት ባጃጇን አጥባ፣ ትርፍ ጎማ ጣሪያው ላይ አስራ፣ ጋሼ ይርጋን ከኋላ አስቀምጣ ገሳይ እናቷ ደጅ ቆመች።

«እማ፣ ነጠላሽን ልበሺ። እትዬ አትጠገብ ጋ ልንሄድ ነው።»

ለተሥላሴ ባጃጇን አዩ፤ ጋሼ ይርጋን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «በዚች?»

«በዚች።»

«ወንዙስ?»

«ወንዙን ስንደርስ እናየዋለን።»

አሮጊቷ ገብተው አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ።

ከአስፋልቱ እንደወጡ መጀመሪያ ላይ መንገዱ ሣር ለብሷል። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ ነበርና አውድማው ላይ የተረፈ ጭድ በነፋስ ይበተናል። ፈንታነሽ ሣሩን አይታ የታችኛውን መሬት መለየት ጀመረች፤ ጎማዋ ሥር ጠጠር ሲንቋቋ ሰማች። ያ ድምፅ ሰውነቷን ወረራት። አለ፤ ሣሩ ሥር መንገድ አለ።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሼ ይርጋ። ከዚያች ቀን በፊት ፈገግ ሲሉ አይታቸው አታውቅም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሸለቆው ተከፈተ። መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፈንታነሽ አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጋ ፍሬኗን በስሱ እየነካች ወረደች። ከኋላዋ እናቷ «ጊዮርጊስ፣ ሰማዕቱ» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ «እዚህ ጋ ነው ሚዜው ባርኔጣው የበረረበት» ይላሉ። በየኩርባው አንድ ወሬ አላቸው። ያን ያህል ሲያወሩ ልጃቸው ሰምታቸው አታውቅም።

አጋማሽ ላይ ናዳ መንገዱን በልቶታል። የቀረው ለአንድ ከብት ማለፊያ የሚበቃ ነው። ፈንታነሽ ባጃጇን አቁማ ወርዳ ተመለከተች። ጋሼ ይርጋ በምርኩዛቸው አፈሩን ወጋ ወጋ አደረጉ፤ ቀጥሎ ከላይ በኩል የተንከባለሉትን ድንጋዮች ወደ ገደሉ ጠርዝ መደርደር ጀመሩ። እሷም አገዘቻቸው። ለተሥላሴ እንኳ ቁጭ ብለው ትናንሽ ድንጋይ ያቀብሉ ነበር።

«እናትሽን በእግር አሳልፌ እጠብቅሻለሁ» አሉ ጋሼ ይርጋ። «ቀኝ እጄን ካነሳሁ ቀኝ ያዥ። ገደሉን አትይ፤ እኔን እይ።»

እሳቸውን እያየች አለፈች። የግራው ኋላ ጎማ አንዴ አፈሩን አንሸራትቶት ድንጋይ ወደ ታች ሲንከባለል ሰማች፤ ድምፁ እስኪያልቅ ቆየ። ከወዲያ ስትደርስ ሳቅ አፈናት። ሞተሩን አጥፍታ እስኪበቃት ሳቀች፤ እናቷም አብረው ሳቁ።

ወይብላ ወንዝ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ። ድልድዩ የለም። ግራና ቀኝ የድንጋይ እግሮቹ ብቻ ቆመዋል። ውኃው የበጋ ቢሆንም ከጉልበት በላይ ነው፤ ታቹ ሁሉ አለት። ፈንታነሽ ዳር ላይ ቆማ ማዶውን አየች። እትዬ አትጠገብ ያሉበት አፋፍ ከፊት ለፊት ይታያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ በፀሐይ ያበራል።

ያኔ ከታች በኩል የሰው ድምፅ ሰማች። በወንዙ መታጠፊያ ላይ ሰዎች ድንጋይ ይሸከማሉ። ጋሼ ይርጋ ቀድመው ወረዱ፤ እሷም ተከተለች። ከማዶው ዳር ተነስቶ የተደለደለ ሰፊ የድንጋይ መሻገሪያ ውኃውን አቋርጦ መጥቷል፤ ውኃው በመሐሉ በተተወለት ክፍተት ሥር ይሾልካል፣ በላዩ ግንድ ተረብርቧል። ወደ እነሱ ዳር ጥቂት ክንድ ብቻ ቀርቶታል።

ሥራውን የሚመራው ዋልልኝ የሚባል ጎልማሳ ሰው ነው። ባጃጇን ከላይ ሲያይ ድንጋዩን አስቀመጠ።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከገሳይ።»

«በዚች? ናዳውን አልፋችሁ?» ዞሮ ለሰዎቹ ጮኾ ነገራቸው፤ ሥራው ቆሞ ሁሉም ወደ እነሱ መጣ። ዋልልኝ ላቡን እየጠረገ አስረዳ። የታመመ በቃሬዛ ተሸክሞ መውጣት ሰልችቷቸው፣ ባላገሩ መከሩን ካነሳ ወዲህ ወጥቶ እየሠራ ነው። «የሚረዳን ስንጠብቅ ዘመን አለፈ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብለን ጀመርን። እኛ ግን እዚህ ወንዝ ላይ ስንደርስ ከማዶ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ መትረፉን አናውቅም ነበር። ልጆቻችን ከፊት ያለው ለመኪና ገደል ነው ይሉን ነበር።»

«መንገድ ነው» አለች ፈንታነሽ። «ናዳው ብቻ ነው የሚያስቸግረው። እኔ መጥቼበታለሁ።»

ተመልሳም ባጃጇን ከነእናቷ እስከ ውኃው ዳር አወረደቻት። ዋልልኝም ወደ ሰዎቹ ዞሮ ባጃጇን አመለከታቸው። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡ፣ ባጃጇን በአራት ማዕዘን ያዟት፣ «ሆ» ብለው አነሷት። ለተሥላሴ አልወርድም አሉ። «መጀመሪያ በመኪና ወጣሁ፤ አሁንም በመኪና እገባለሁ» ብለው ብረቱን ጨብጠው ተቀመጡ። ከነባጃጃቸው ውኃው ላይ ተንሳፍፈው አለፉ። ጋሼ ይርጋ መሻገሪያውን በምርኩዛቸው እየነካኩ፣ የድንጋዩን አደራረብ እያደነቁ በመጨረሻ ተሻገሩ።

ወደ አፋፉ ሲወጡ የሠራተኛው ግማሽ በኋላቸው ይሮጥ ነበር። እትዬ አትጠገብ ደጃቸው ላይ ጌሾ ያሰጣሉ። የባጃጁን ድምፅ ሰምተው ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟልና ማን እንደሆነ አልለዩም።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ፣ እቴ» አሉ ለተሥላሴ። «ለተሥላሴ ነኝ።»

አሮጊቷ ጌሾውን ጥለው መጡ። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆሙ። ፈንታነሽ ፊቷን አዙራ ስልኳን አወጣች። ጌጡ የጫነላት መስመር ከገሳይ ተነስቶ፣ እንደ ትል እየተጠማዘዘ፣ ወንዙን ተሻግሮ እሷ የቆመችበት ድረስ መጥቷል።

በዓሉን እዚያው ዋሉ። ሲመለሱ የጥድ አፋፍ ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው እስከ ናዳው ድረስ ሸኟቸው፤ በዚያው ሥራ ጀመሩ። ፋሲካ ሳይደርስ ጭነት መኪና አለፈበት።

ጌጡ መስመሩን ሲቀበል ከወንበሩ ተነስቶ ነበር ያየው። ለሚቀጥለው እትም በነጠብጣብ አስገባው፤ የሙከራ ቅጂውን ዓለምነው ጎሚስታ ቤት ይዞ መጥቶ ዘረጋው። መንደሯ ግን «ጥዳ አፋፍ» ተብላ ተጽፋ ተገኘች። ማኅበረ ጎዳና ግማሽ ቀን ተጨቃጨቀበት፤ ዓለምነው «በእጥፋት ላይ አለመውደቋን አመስግኑ» አለ፣ ጌጡም ሳቅ እያለ በእስክሪብቶ አረመው።

ፈንታነሽ አሁን በገበያ ቀን የጥድ አፋፍ መንገደኛ ታመላልሳለች። እትዬ አትጠገብ ገሳይ የመጡ ጊዜ ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ ብለው ነበር፤ አስፋልቱን በመዳፋቸው ዳስሰው ካዩ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ጣና የሚባል ባሕር በዚህ መንገድ ጫፍ አለ ሲባል ሰምተዋል። ፈንታነሽ በባጃጅ ያን ያህል አይኬድም፣ በሚኒባስ እወስድሻለሁ ብትላቸው «በወንዝ ውስጥ የተሻገረች ባጃጅ በአስፋልት ምን ሆና ነው የምትቀረው?» አሉ። እሷም ዓለምነው ጋ ጎማዋን አስነፋች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህትማማቾቹን ከኋላ አስቀምጣ፣ ሞተሩን አስነስታ ወደ ወረታ ቁልቁለት ወረደች።