በጋሽ ሄንክ ፊት የተተኮሱ ስልሳ ጥይቶች

ባለፈው ማክሰኞ የወንድሜን ጠመንጃ ሊረከብ የመጣው ነጋዴ ከጠመንጃው ጎን የነበረውን ጥቁር ብረት አንስቶ አገላበጠው። እዚህ ሆላንድ የጠመንጃ ፈቃድ የነበረው ሰው ሲሞት መሣሪያው ቤት አይቀመጥም፤ ሕጋዊ ነጋዴ መጥቶ ይወስደዋል። ሰውዬው ቸኩሏል። ላክ በሚባለው የሄግ ሰፈራችን መኪና ማቆሚያ አጥቶ የጎረቤት በር ላይ ነበር ያቆመው።

«ይሄ ነገር ይሠራል?» አለኝ። «አብዛኞቹ አያስተማምኑም።»

«ይሠራል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ። ናሁሰናይ ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ ብዙ ያወራሁት ለዚህ ስሙን እንኳ ለማላውቀው ሰው ነው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኩት ገባኝ። መጻፍ ብዙ አይሆንልኝም። ቢሆንም ልሞክር።

ያኔ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ናሁ ሃያ ስምንት። ሮተርዳም ውስጥ ባንድ የአረጋውያን መኖሪያ ይሠራ ነበር። ቅዳሜና ረቡዕ ደግሞ ዴልፍት መውጫ ላይ፣ መጋዘኖች ከተደረደሩበት ሰፈር ወዳለ የተኩስ ክበብ ይሄዳል። የሥራ ባልደረባው አንድ ቀን በእንግድነት ወሰደው፤ በዚያው ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት እናት «ከስደት ተርፈህ ደግሞ ጠመንጃ?» ብለው ሲቆጡት፣ «እማማ፣ እኔ የምተኩሰው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ቂም አይዝም» አላቸው። እሳቸውም ሳቁ።

በዚያ ዓመት መከር ላይ ናሁ ከሦስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ለክበቡ ቡድን ተመረጠ። ከአምስተርዳም ክበብ ጋር የወዳጅነት ውድድር ነበረ፤ አራት ሰው ከዚህ፣ አራት ሰው ከዚያ። በተመረጠ በሳምንቱ፣ ሥራ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊወድቁ የነበሩ ሽማግሌ ሲይዝ ትከሻው ተቀደደ። ሐኪሙ ለወራት የጠመንጃ ምት እንዳይነካህ አለው። እኔ አለቀሰ ብዬ አልጽፍም። ግን በዚያን ቀን ሻዩን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው።

ዊስልሴት የሚሉትን መለወጫ፣ ያን ጥቁር ብረት፣ የገዛው ያኔ ነው። የጠመንጃውን ሆድ ትከፍትና ተንሸራታቹን ብረት አውጥተህ ይህንን ትተካለህ፤ ጥይት የሚሞላበትን ካዝናም ትቀይራለህ። በርሜሉ ያው፣ ሰደፉ ያው። ትልቁ ጥይት ቂጡ መሃል ላይ ተመትቶ ነው የሚቀጣጠለው፤ በዚህኛው የምትተኩሳት ትንሿ ጥይት ግን ጠርዟ ላይ ተመትታ ነው። ምቷ ከትከሻ አይደርስም፤ ሕፃን በእግሩ ገፋ እንዳደረገህ ያህል ናት። ችግሩ፣ ትንሽ ጥይት ለትልቅ ጠመንጃ ጉልበት የላትም። ትቀረቀራለች።

የክበቡን ተኩስ የሚቆጣጠሩት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሆላንዳዊ ነበሩ፤ ሄንክ ይባላሉ። ናሁ ከኋላቸው «ጋሽ ሄንክ» ነበር የሚላቸው። እኔ እዚህ ያደግሁ ስለሆንኩ አፌ ላይ የሚመጣው «አንተ» ነው። ናሁ ታዲያ ሁሌ ክርኔን ይቆነጥጠኛል። «እርስዎ በል፣ አንተ ስድ!»

በመጀመሪያው ረቡዕ ካዝናውን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሃያ አምስት ጥይት ይይዛል። ናሁ ተኮሰ፤ ሦስተኛው ላይ ተቀረቀረ። አወጣው፤ አምስተኛው ላይ ደገመው። ጋሽ ሄንክ በእርሳስ እየጻፉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ መጫወቻ ነው፣ ልጄ። ውድድር ላይ የተቀረቀረ ጥይት አይደገምም፤ ዜሮ ነው፤ ዜሮው ደግሞ የቡድኑ ነው።»

«አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አለ ናሁ።

አሰቡበት። «የዛሬ ሳምንት ስልሳ ጥይት ሳይነክስ፣ አንዴም ሳይቀረቀር ተኩስ። ከነከሰ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

የዚያን ሳምንት ነገር ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይሞቃል። ትምህርት ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ጥይት ነበር የማስበው። ናሁ ከሥራ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ብረቱን በጥርስ ብሩሽ እንፈትጋለን። ቤቱ ዘይት ዘይት ይላል። ውጭ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። «ጥይቱ ቢሆንስ?» እለዋለሁ። «ካዝናው ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ ሽቦ፣ ሞላው ቢሆንስ?» ይስቅብኛል። ሦስት ዓይነት ጥይት ገዛ፤ ፈጣን፣ ዘገምተኛ፣ መካከለኛ።

ረቡዕ ደረሰ። በብስክሌት በዝናብ ሄድን፤ ጠመንጃው በትከሻው አይደለም፣ ተቆልፎ ከጋሽ ሄንክ ጋር በመኪና ነበር የሄደው። ከስልሳው በፊት ለሙከራ አንድ ካዝና ሞላሁ። ሁለተኛው ላይ ተቀረቀረ። ናሁ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ሄንክ ሰዓታቸውን አዩ።

ያ ካዝና እንደምንም ካለቀ በኋላ በሙከራው ሳጥን ውስጥ የቀሩት ዘጠኝ ጥይቶች ብቻ ነበሩ። እነሱን ብቻ ባዶው ካዝና ውስጥ አስገባሁ። ዘጠኙም እንደ ውኃ ወረዱ። ሌላ ሳጥን ከፈትኩና እንደገና ጢም አድርጌ ሞላሁ። ሦስተኛው ላይ ነከሰ።

ያኔ አውራ ጣቴን አየሁት። የመጨረሻዎቹን ጥይቶች እየገፋሁ ስፋተግ ቆዳው ተልጦ ነበር። እናታችን ቤት ጎዶሎ ነገር አይቀርብም። ብርጭቆ እስከ አፉ፣ ሰሐን እስከ ጠርዙ። ጎዶሎ ማቅረብ ስስት ነው። እኔም ካዝናውን እንደ እንግዳ ብርጭቆ ነበር የምሞላው። ሞላው እስከ መጨረሻው ተጨምቆ፣ የትንንሾቹ ጥይቶች ጠርዝ እርስ በርሱ ተጠላልፎ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። የእኔ ነበር።

መናገር ነበረብኝ። «ጋሽ... ሄንክ፣ እ... እርስዎ፣ እኔ ነኝ። አብዝቼ ነው የሞላሁት። አሥር፣ አሥር ብቻ ቢሆን...»

ጋሽ ሄንክ ካዝናውን ተቀብለው በጣታቸው ጫን አደረጉት፤ አልንቀሳቀስ አለ። «ሊሆን ይችላል» አሉ። ከዚያ ወደ ናሁ ዞሩ። «እንግዲያው አንተው ራስህ ሙላው። ልጁ ተደናግጧል።»

ናሁ ካዝናውን ተቀበላቸው። ጥይቶቹን አራገፈ። ባዶውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«እሱ ነው የሚሞላው» አለ።

አሥር ሞላሁ። አሥሩም ሄዱ። ሌላ አሥር፤ ሄዱ። ቀለሆቹ ወለሉ ላይ ሲንቃጨሉ በጆሮ መከላከያው ውስጥ እንኳ ይሰማኛል። ጥይቶቹ የተቀቡት ሰም ተቃጥሎ ይሸታል። ሠላሳ። አርባ። እያንዳንዷን ጥይት ጠርዟን እያየሁ ነው የማስገባት። አርባ ሰባተኛው ላይ ናሁ ቃታ ሳበ፤ ቀጭ! አለ። ሌላ ምንም የለም።

«አትንቀሳቀስ!» አሉ ጋሽ ሄንክ። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደሆነ ሠላሳ ሰከንድ መጠበቅ ደንብ ነው፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ናሁ በታመመ ትከሻው ይዞት ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ሠላሳ ሰከንድ አላየሁም።

አልፈነዳም። ናሁ ጥይቷን አወጣና ራሱ ሰጣቸው። «ሳይነክስ ብለውኛል። ቆሟል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጥይቷን ወደ መብራቱ ያዙ። ጠርዟ ላይ ጥርት ያለ፣ ጥልቅ ምልክት ነበረ። «አልነከሰም፤ ጥይቱ ነው የከሸፈው» አሉ። «ብረቱ በትክክል መትቷል። በምትኳ አንድ ጨምሩና ቀጥሉ።»

ስልሳኛው ሲወጣ እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። ጋሽ ሄንክ እንኳ፣ እጃቸው ላይ እርሳስ እንዳለ፣ አጨበጨቡ።

ቅዳሜ አምስተርዳም ሄደን ተሸነፍን፤ ያውም በሰፊው። ናሁ ግን አንድም ዜሮ አላመጣም። ስንመለስ ከአምስተርዳሙ ቢልመር ጣቢያ እስከ ሄግ በባቡር ስለ እያንዳንዷ ጥይት ሲያወራ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር።

ስለ ረቡዑ ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከክበቡ ወጥተን ዴልፍት ጣቢያ ፊት ለፊት ድንች ጥብስ ገዛን። ጾም ስለነበር «ፓታት ዞንደር» ነው ያልነው፤ ማዮኔዝ የሌለው። በእንፋሎቱ ውስጥ ጠየቅሁት፦ «ያን ያህል ካበላሸሁ በኋላ ለምን ራስህ አልሞላኸውም?»

አፉ ሙሉ ነበር። «ትከሻዬን ስለሚያመኝ ነዋ፣ ጅሉ» አለኝ። ድንቼንም ሰረቀኝ።

አመንኩት። አሥራ አንድ ዓመት አምኜው ኖርኩ። በቀብሩ ቀን ሰዎች ስለ እሱ አንድ ነገር ተናገር ሲሉኝ የምለው አጥቼ ቁጭ አልኩ። እሱ ያኔ የነበረበት ዕድሜ ላይ ነኝ አሁን። ማክሰኞ ዕለት ለዚያ ነጋዴ አሞላሉን በባዶ እጄ ሳሳየው ነው የገባኝ። ትከሻዬ ከቦታው አልተነቃነቀም። ካዝና የሚሞላው በአውራ ጣት ነው።