መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት ፈቃድ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ የማስታወቂያና የሠርግ ካርድ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ኮምፒውተር ሳይሆን የአቧራ ጨርቅ ነበር። የሰጡኝ የቤቱ ባለቤት ጋሼ ደምሴ ናቸው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በብሩሽ የሱቅ ስም ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሦስቱን ማሽኖች ወልውዬ ስጨርስ አንድ ሕግ ነገሩኝ።

«እዚህ ቤት ፋይል አይጠፋም፣ ስንዱ። ዛሬ የማይረባ የመሰለሽን ነገ ደንበኛ ይጠይቅሻል።»

ጊዜው ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅ የሚባልበት ነበር። እኔ ሳልደራጅ ተቀጠርኩ። የነበረችን አንዲት ማራገቢያ ወደ ኮምፒውተሮቹ ዞራ ነው የምትውል። እኛ በካርቶን እናራግብ ነበር። ማሽን ከሞተ ሥራ የለም፤ ሰው ግን ላብ ጠርጎ ይሠራል።

የምንሠራባቸው አበቦች፣ ሐረጎችና ክፈፎች ከአዲስ አበባ በሲዲ ተገልብጠው የሚመጡ ነበሩ። የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከማጀቴ እስከ ደብረ ብርሃን የሙሽራ ካርድ ሁሉ ያችኑ ጥንድ እርግብ ተሸክሞ ይዞር ነበር። አንድ ቀን አንዲት የሙሽራ እናት ናሙናውን አይተው፣ «እነዚህ እርግቦች ባለፈው ሳምንትም ሠርግ ጠርተውኛል» አሉ። ጋሼ ደምሴ ሳቁ። እኔ ግን ከነከነኝ።

እትዬ ዘሃራ ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በይፋት ቆላ ሙሽራ ስትሞሸር እጅና እግሯ ላይ ሂና የሚሥሉ፣ ስማቸው ቀወት ድረስ የሚታወቅ ሴት ናቸው። ሐረጎቻቸውን በወረቀት እንዲሥሉልኝ፣ እኔም በኮምፒውተር አስገብቼ ለካርድ እንዳውላቸው ለመንኳቸው። ዋጋውን ተስማማን። ቀጥለው የራሳቸውን ሕግ ነገሩኝ።

«ለሠርግ ካርድ ይሁን። ለሌላ ግን ወላሂ አልፈቅድም። የሙሽራ ነገር ነው፤ ደጅ ላይ አይንጠለጠልም።»

ያሉትን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ ሁለታችንም ፈረምን። ሥዕሎቹን በስካነር አስገብቼ፣ መስመራቸውን አንድ በአንድ ተከትዬ ሣልኳቸው። ለእኔም ለሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼም እንዲመች በሦስቱም ማሽኖች ላይ ጫንኳቸው። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። በሥርዓት የምሠራ መስሎኝ ኮርቼ ነበር።

ካርዱ ተወደደ። ካርዱን ያዩ የሙሽራ እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን እንዲሥሉላቸው እትዬ ዘሃራን ይጠሯቸው ጀመር። በዚያ ወቅት ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ማጀቴ ያለ አጎቴ አረፈ። ለቅሶ ሄጄ ሰልስቱን ውዬ በማግስቱ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ከተማ ሲገባ አዲስ በተከፈተ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። መሐሉ ላይ አረፋው የሚፈስ የቢራ ብርጭቆ አለ። ዙሪያውን የከበበው የእትዬ ዘሃራ ሐረግ ነው። ቤቴ ሳልደርስ ወረድኩ።

ባነሩን የሠራው የሥራ ባልደረባዬ ሙሉጌታ ነበር። ትልቅ ሕትመት በከተማችን ስላልነበረ ፋይሉን በፍላሽ ለሾፌር ሰጥቶ፣ ጣርማ በርን አሻግሮ ደብረ ብርሃን አሳትሞታል።

«ካሉን ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው ብዬ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም።

ጋሼ ደምሴ ጠየቁኝ። «ሥዕሉን የሰጡት ለአንቺ ነው ለቤቱ?»

«ለቤቱ፤ ግን ለሠርግ ካርድ ብቻ።»

«የት ተጽፏል?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእትዬ ዘሃራ ጆሮ ግን ቀድሞኝ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አይቸዋለሁ» አሉኝ፣ አፌን ሳልከፍት። «የእሑዷ ሙሽራ ቀርታለች። እናትየዋ የመጠጥ ቤት ሥዕል ልጄ እጅ ላይ አይወጣም ብላ ላከችብኝ። እኔ ያን ባለ መጠጥ ቤት አላውቀውም፣ ስንዱ። የማውቀው አንቺን ነው።»

ከደጃፋቸው ተነስቼ ጋሼ ደምሴን ይዤ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄድኩ።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ባነሩን አላወርድም አለ። «ገና ትናንት የመረቅሁትን ቤት ያለ ስም ላስቀረው?» ጋሼ ደምሴ አልተከራከሩትም። ከጓዳ አሮጌ ብሩሻቸውን አወጡ፤ ብሩሽ ከጨበጡ ዓመታት ሆኗቸው ነበር። የቤቱን ስም በቆርቆሮ ላይ በእጃቸው ጻፉለትና ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ሰቀሉት። ባነሩ ወረደ።

በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ወደ ሥራ ቤታችን መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«አጥፊልኝ» አሉ።

ወደ ጋሼ ደምሴ ዞር አልኩ። የመጀመሪያ ቀን የነገሩኝ ሕግ ትዝ ብሎኛል፤ እሳቸውም ትዝ ብሏቸዋል።

«አጥፊ» አሉኝ።

ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እያለፍኩ አጠፋሁ፤ እትዬ ዘሃራ ቆመው አዩ። «ሌላስ የት አለ?» ሲሉኝ ማተሚያ ቤቱ ትዝ አለኝ። ሳልውል ሳላድር በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። አታሚው ሲያጠፋው አጠገቡ ቆሜ አየሁና በዚያው ተመለስኩ።

«አላህ ይስጥሽ» አሉኝ፣ ስነግራቸው። ገበያ ላይ ስንገናኝ እስከ ዛሬ እንሳሳማለን፣ ቤተሰብ እንጠያየቃለን። የእሑዷን ሙሽራ ግን ሌላ ሴት ሣለቻት። ለእኔም ሌላ ሥዕል አልሰጡኝም።

እዚያ ቤት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። በሦስቱም ማሽኖች ላይ፣ በየሥዕሉ ማስቀመጫ ውስጥ፣ መጀመሪያ የሚከፈት አንድ ጽሑፍ አኖር ጀመር፦ የማን እንደሆነ፣ ለምን ሥራ እንደተፈቀደ፣ ለምን እንዳልተፈቀደ። ሙሉጌታ መጀመሪያ ቀልዶብኝ ነበር፤ በኋላ ከእኔ ይልቅ እሱ ጠንቃቃ ሆነ።

ሥዕሉ ያለው ሦስት ማሽን ላይ፣ ፈቃዱ ያለው አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ፣ ለሁለቱ ባልደረቦቼ ፈቃዱ አልተጻፈም ማለት ነው። ያን ሐረግ ባነር ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።