አምስተኛው ሰው

በ1973 ዓ.ም. የካ ውስጥ ባል ወይም ልጅ የታሰረባት ሴት ብዙ ነበረች። አፏን ሞልታ የምትናገረው ግን ወርቅአየሁ በየነ ነበረች። ሌላው ሰው «ክፍለ ሀገር ሄዷል»፣ «ለሥራ ወጥቷል» እያለ ያድበሰብሳል። እሷ «ኤጀታ የት ጠፋ?» ያላትን ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየች «እስር ቤት ነዋ! የት ሊሆን ኖሯል?» ትለዋለች። የሚሸማቀቀው ጠያቂው ነው።

ኤጀታ ጉርሙ ከመታሰሩ በፊት የአንድ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ጸሐፊ ነበር። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ እሑድ ጠዋት ወንበር ይደረድራል። በ1971 ክረምት አዳራሹ ሲታሸግ ቁልፉ የተገኘው በእሱ ኪስ ስለነበር እሱን ይዘውት ሄዱ። ክስ አልተነበበለትም፣ ፍርድ ቤትም አልቆመም። ለሚስቱ የቀሩላት ሦስት ልጆች፣ ዳገት ላይ ያለች የጭቃ ቤት፣ ከሁሉም የከበደው ደግሞ በየቀኑ ከተማውን አቋርጦ መድረስ ያለበት አንድ ሳህን ምሳ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። በዚያ ዘመን ያሰረው መንግሥት ነው፣ የሚያበላው ቤተሰብ ነው። ሳሙናውም፣ ብርድ ልብሱም፣ የራስ ምታት ኪኒኑም ከቤት ነው። ሰውየው ደመወዙን ይዞ ቢታሰር ምን ነበረበት! ደመወዙ ቆመ፣ ሆዱ ግን አልቆመም።

በመጀመሪያው ዓመት ሬዲዮው ተሸጠ። ቀጥሎ የኤጀታ ሙሉ ሱፍ ሄደ። ከዚያ የስፌት መኪናዋ። መኪናዋ ከቤት ስትወጣ ወርቅአየሁ በሩን ዘግታ አለቀሰች፣ መተዳደሪያዋ ነበረችና። ሲወጣላት ፊቷን ታጥባ አሮጌ ሹራብ መተርተር ጀመረች። የተተረተረውን ክር አጥባ አዲስ ሹራብ ትሠራበታለች። መቼም የእንጦጦ ብርድ ደንበኛ አያሳጣም። ለነጭ ጋዝ የሚሆን ሲጠፋ ከታላቋ ልጇ ከዓለም ጋር ወደ ባሕር ዛፉ ወጥታ የረገፈ ቅጠል ትጠርጋለች። የደን ጠባቂው ሲመጣ ዓለም ትሮጣለች፣ እናቷ ግን አትሮጥም። «ቅጠሉን የጣለው ዛፉ ነው፣ እሱን እሰረው!» ብላዋለች አንድ ቀን።

ወደ እስር ቤቱ በር በሁለት አውቶቡስ ነው የሚደረሰው። እዚያ ሰልፍ ላይ እየጠበቀች ሹራቧን ስትሠራ ነው ከሁለት ሴቶች ጋር የተዋወቀችው። አንዷ የሰፈሯ ልጅ ናት፣ የማርያምወርቅ የምትባል፣ ተማሪ ልጇ የታሰረባት። ሁለተኛዋ ኩልሱም ናት፣ ጉርድ ሾላ ትንሽ ሱቅ ያላት፣ ባለቤቷ ሙክታር የታሰረባት፣ ሚስቱም ጠበቃውም እሷው ራሷ። ሦስቱ ሴቶች ተመካክረው ተራ ገቡ፦ አንዷ በተራዋ ቀን ለሦስቱም እስረኞች አብስላ ታደርሳለች፣ ሁለቱ ሥራቸውን ይሠራሉ። ችግሩ ሥጋ ነበር። የክርስቲያኑን ሥጋ ሙክታር አይበላም፣ የእስላሙን ሥጋ የማርያምወርቅ ልጅ አይበላም። ወርቅአየሁ ሳቀችባቸው። «ለመሆኑ ሥጋ የት አይታችሁ ነው የምትጣሉት?» አለች። ሽሮ ሆነ። ሽሮ ከሦስቱም ሃይማኖት ጋር ተስማማ፣ ከሦስቱም ኪስ ጋርም እንዲሁ።

በር ላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ «ከቤተሰብ በቀር አልቀበልም» አለ። ኩልሱም ሳትደነግጥ «የኤጀታ እህት ነኝ» ብላ ተመዘገበች፣ ኩልሱም ጉርሙ ተብላ። ጠባቂው ከላይ እስከ ታች አያት።

«አንቺ እስላም፣ ወንድምሽ ጴንጤ?»

«አባታችን ሆደ ሰፊ ነበሩ» አለችው።

ሳህኑ ገባ። ከሰዓት በኋላ ታጥቦ ወጣ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ የሚጠብቁት ይህንን ነው። ሳህን ባዶውን ታጥቦ ከተመለሰ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። ምግቡ እንዳለ ተመልሶ «ልብሱን ውሰጂ» የተባለች ሴት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰልፍ ላይ አትታይም።

እንዲህ እየተባለ ኤጀታ ከታሰረ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈው። በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ወርቅአየሁ ጆንያዋን ይዛ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ተሰለፈች። ጤፉ ከገበያው በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው እዚያ ነው፣ የሚታደለውም በቤተሰብ ቁጥር። ሀብተወልድ የሚባለው የሱቁ ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ የአባወራ ስም ይጠራል፣ የተጠራው «አቤት» ብሎ ይገባል። ሁልጊዜ «ኤጀታ ጉርሙ፣ አምስት ሰው» ነበር የሚለው። የዚያን ቀን ግን «ወርቅአየሁ በየነ፣ አራት ሰው» አለ።

ወርቅአየሁ የሰማችው የጤፍ መቀነስ አልነበረም። ስሙን ሰረዙት፣ ምን ሰምተው ነው የሰረዙት? ጆንያዋን ጥላ አውቶቡስ ያዘች። የእስር ቤቱ በር ላይ የማርያምወርቅን አገኘቻት፣ ተራው የእሷ ነበርና። ሁለቱም ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ቆሙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኤጀታ ሳህን ወጣ፣ ባዶ፣ ታጥቦ። ወርቅአየሁ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፍርሃቷ ሲወጣላት በቦታው የገባው ንዴት ነበር፣ እንዲህ ያለ ንዴት በዕድሜዋ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር ለይኩን ቢሮ ገባች። ለይኩን አብዮቱ ሳይመጣ ጎሚስታ ነበር፣ ኤጀታን «ጋሼ» እያለ ነው ያደገው። አሁን ጠረጴዛ አለው፣ ሽጉጥም አለው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የባለቤቴን ስም ለምን አወጡት?»

«እስረኛ የሚመገበው በመንግሥት ነው፣ ጓዲት። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ራሽን አይበላም።»

«በመንግሥት? ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ የማንን ሽሮ ነው የምሸከመው?»

«ከእስር ቤቱ ማስረጃ ታመጫለሽ። ቤተሰብ ነው የሚያበላው የሚል፣ ማኅተም ያለው።»

«እስር ቤት ማስረጃ ሰጥቶ ያውቃል? አንተ ራስህ ታውቀዋለህ፣ ለይኩን!» በ«እርስዎ» ጀምራ በ«አንተ» ጨረሰች። ያም ሆኖ ሄዳ ጠየቀች። ጠባቂው የሳቀባት ሳቅ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተከተላት።

ነገሩ የዞረው ሐሙስ ዕለት ነው። የቀበሌው መዋጮ ሰብሳቢ ዘውድነሽ ደብተሯን ታቅፋ በሩን አንኳኳች። ለእናት አገር ጥሪ፣ ለመሠረተ ትምህርት፣ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ማደሻ፣ ሁሌም የሚዋጣ አይጠፋም። ጣቷን በመስመሩ ላይ ወሰደችና «ኤጀታ ጉርሙ፣ ሦስት ብር» አለች።

«ማን?» አለች ወርቅአየሁ።

«ኤጀታ ጉርሙ። የእርስዎ ባለቤት እኮ ነው፣ እትዬ።»

ወርቅአየሁ ዘውድነሽን እስክታስደነግጣት ድረስ ሳቀች። ከሱቁ መዝገብ የሰረዙትን ሰው ከመዋጮው ደብተር መሰረዝ ማንም ትዝ አላለውም። ጤፍ ሲታደል የለም፣ ብር ሲሰበሰብ አለ። ሦስቱን ብር ቆጥራ ሰጠች፣ ደረሰኙን ተቀበለች፣ ገብታም በመርፌ ቁልፍ ተያይዘው የተቀመጡትን የቀድሞዎቹን ደረሰኞች አወጣች። ከታሰረ ወዲህ ያለው አንድም ወር አልጎደለም። ሁሉም ላይ የተጻፈው የኤጀታ ስም ነበር።

እሑድ የነዋሪው ስብሰባ ነበር። ወደዚያ ስብሰባ የሚመጣ ሰው ላለመቀጣት ነው የሚመጣው፣ የሚቀመጠውም ዝም ለማለት ነው። መፈክሩ ተባለ። ለይኩን አዲስ መዋጮ አስተዋወቀ፣ «ጥያቄ ያለው?» አለም፣ እንደ ልማዱ፣ መልስ ሳይጠብቅ። ወርቅአየሁ ተነሳች። ደረሰኞቹን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች።

«እኔ አለኝ። የእኔ ቤት አራት ሰው ነው ወይስ አምስት? አምስት ከሆነ የአምስት ሰው ጤፍ ስጡኝ። አራት ከሆነ ደግሞ» አለችና ደረሰኞቹን ከፍ አድርጋ አሳየች፣ «በሌለ ሰው ስም የወሰዳችሁትን የአሥራ ዘጠኝ ወር መዋጮ መልሱልኝ።»

ኋላ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቃቸውን ለማፈን ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

«ተቀመጪ! ይሄ ፀረ አብዮት ንግግር ነው!» አለ ለይኩን።

«እሰረኝ! ግን አስቀድመህ እወቀው፣ እኔ ከታሰርኩ ለሁለታችን ምሳ የምታመላልሰው አንተ ነህ።»

የማርያምወርቅ ተነሳች። እጇ ላይ የእሷም ደረሰኝ ነበር፣ የእሷም ልጅ ከሱቁ መዝገብ ተሰርዟልና። ከዚያ ከወደ መስኮቱ አንድ ሰው ቆመ፣ ቀጥላ አንዲት ባልቴት፣ ቀጥሎ ጥንድ ባልና ሚስት። ከእሷ ጋር ስድስት ሰው ቆመ። ለካስ ክፍለ ሀገር ሄደ የተባለው፣ ለሥራ ወጣ የተባለው፣ ሁሉም እስር ቤት ኖሯል። ወርቅአየሁ ዞራ ስታያቸው ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እነዚህን ሰዎች ለዓመታት በየመንገዱ ሰላም ስትላቸው ኖራለችና። ለይኩን «ጉዳዩ ይታያል» ብሎ ስብሰባውን በተነው።

በማግስቱ ቢሮው አስጠራት። ለመታሰር ተዘጋጅታ፣ ለልጆቿ የሦስት ቀን እንጀራ አስቀምጣ ሄደች። ለይኩን ግን በሩን ዘግቶ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ወርቅአየሁ፣ ስሙን መመለስ አልችልም፣ ከበላይ ይጠይቁኛል። ጤፉን ግን እሰጥሻለሁ። በአንቺ ስም አምስት ሰው ብዬ አስጽፋለሁ። ዝም ብለሽ ትወስጃለሽ።»

ትንሹ ልጇ ትዝ አላት፣ ማታ ማታ «ጠግቤያለሁ» እያለ ለእህቶቹ የሚተው። ወንበሩን ይዛ ተነሳች።

«ጤፉን ያለ እሱ ስም አልወስድም» አለች።

«አብደሻል? ጤፍ ጤፍ ነው!»

«ስሙን ስትሰርዙ ዕድሜዬ ነው ያጠረው። ዛሬ ከመዝገብ ካወጣችሁት ነገ የት ሄደ ብዬ ማንን እጠይቃለሁ? አለ ብላችሁ ጻፉት።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ዓለም ባዶውን ጆንያ ይዛ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ሀብተወልድ መዝገቡን ገለጠና ጠራ፦

«ወርቅአየሁ በየነ፣ አምስት ሰው!»

መልስ የለም።

«ወርቅአየሁ በየነ!»

«እማዬ፣ አምስት ብሏል እኮ!» አለች ዓለም እጇን እየሳበች። እናቷ ፊት ለፊቷን እያየች ቆመች። የዛሬው ጤፍ ካለፋት ልጆቿ ምን እንደሚበሉ አታውቅም።

ሀብተወልድ ወደ ቀጣዩ አለፈ። «የማርያምወርቅ ደስታ!» የማርያምወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች እንጂ አፏን አልከፈተችም። ሦስተኛውን ጠራ። ስብሰባው ላይ ከቆሙት አንዱ ነበር፣ እሱም ዝም። ከዚያ በኋላ የተጠሩት ምንም እስረኛ የሌለባቸው ሰዎች ነበሩ። እነሱም እርስ በርስ ተያዩና ዝም አሉ። ሰልፉ ባለበት ቆመ።

ሀብተወልድ ወደ ሊቀ መንበሩ ቢሮ አየ። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል፣ የወጣ ሰው ግን የለም። ግንባሩን ጠረገ። የስድስት ልጆች አባት ነበር፣ ፈሪም ነበር፣ ማንም አይፈርድበትም። ብዕሩን አወጣና መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ፣ ከበላዩ ሌላ ጻፈ። ሲጠራ ድምጹ አልወጣም።

«አልሰማሁም!» አለች ወርቅአየሁ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ኤጀታ ጉርሙ!» አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።

ሰው ሁሉ ሲጠራ «አቤት» ነው የሚለው። ወርቅአየሁ ግን ጆንያውን ከልጇ እጅ ወስዳ ወደ ፊት ወጣች።

«አለ!» አለች።

«ስንት ሰው?»

«አምስት ነን።»