የሊሶን የራስ ቁር

ሶሲስ በሰራኩስ ከተማ፣ የብር ገንዘብ በሚመታበት ቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም ሲቀርጽ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነበር። እሱ በነሐስ ላይ የፈለፈለውን ባለመዶሻዎቹ በጋለ ብር ላይ ያትሙታል። ፈረስ መቅረጽ ይሆንለታል። ባለመዶሻዎቹም፣ ያለ ገብስ ፈረስ የሚያወፍር እሱ ብቻ ነው እያሉ ያሾፉበታል።

ሊወሩን የመጡት የአቴና መርከቦች በወደባችን በተደመሰሱ በዓመቱ፣ ለድሉ መታሰቢያ ትልቅ የብር መሐለቅ እንዲመታ ተወሰነና ማኅተሙ ለሶሲስ ተሰጠ። ከላይ በአራት ፈረስ የሚጎተት ሠረገላ፣ ከሥር ከጠላት የተማረከ ትጥቅ ነው፦ ጋሻ፣ ጥሩርና የራስ ቁር።

አንድ ልጁ ሊሶን የሞተው በዚያው ወደብ ነው። ጓደኞቹ ያመጡት የራስ ቁሩ፣ አንዱ የጉንጭ መከለያ ተገንጥሎ፣ ቤታቸው ውስጥ ከዘይት ማሰሮው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ማስረከቢያው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሶሲስ እንደ ልማዱ ማኅተሙን እርጥብ ሸክላ ላይ ተጭኖ ለሚስቱ ለፊሊና ሰጣት። ሥራውን ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። ፈረሶቹን አይታ ፈገግ አለች። ሸክላውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤ ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«አንተ ሰው፣ ልጃችንን ከጠላት ምርኮ ጋር ደረደርከው እኮ» አለችው።

ሶሲስ ተቀብሎ አየ። ሸክላው ላይ ያለው የራስ ቁር፣ ልክ እንደ ሊሶን፣ አንዱ የጉንጭ መከለያ የለውም። ዓመት ሙሉ ዓይኑ ሲያርፍበት የኖረውን እጁ ሳይነግረው ቀርጾታል። ብሩ ሲመታ ሰው ሁሉ ሊይዘው ነው፤ የሊሶን ጓደኞችም ሲያዩት ያውቁታል። አዲስ ልቅረጽ ቢል ደግሞ ወር ይፈጃል።

«የጎደለውን መሙላት አይቻልም?» አለች ፊሊና።

በእሱ ሙያ የሚሞላው በመቁረጥ ነው። በነሐሱ ላይ መሮ ያልነካው ቦታ በብሩ ላይ ባዶ ይሆናል፤ ከተፈለፈለ ያብጣል። ሶሲስ ቀጭኑን መሮ አነሳ። ፊሊና የገብስ ዳቦና ወይራ አቀረበችለት፤ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትወርድ ድረስ አልነካውም።

ሲጨርስ ሌላ ሸክላ ላይ ተጭኖ ሰጣት። እሷም የሞላውን ጉንጭ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«አሁን የሌላ እናት ልጅ ሆነ» አለች ቀስ ብላ።

የመጀመሪያውን ሸክላ ግን አላፈረሰችውም። ከሊሶን የራስ ቁር ሥር፣ እንዲደርቅ አኖረችው።