የደበቅሁት መጫኛ

አባቴ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ እየተጠጋም ዛፍ መውጣቱን አልተዉም። ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። እኔ መቱ ከገበያው አጠገብ ተድሬ እኖራለሁ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እሳቸው ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ፣ ጫካው ጥግ ባለችው ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው። ሥራቸው ማር ነው። ቀፎ ይሠራሉ፣ ቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥተው ይሰቅላሉ፣ ሲደርስ ወጥተው ይቆርጣሉ። ቀረሮ ደግሞ ጫፉን ለማየት አንገት የሚያሳምም ዛፍ ነው።

ፈሪ ነኝ፤ አልክድም። በዚያ ዓመት ግን የባሰ ነገር አየሁ። የአባቴ ጎረቤትና እኩያ፣ እሳቸውም ማር ቆራጭ፣ ከዛፍ ወድቀው ወገባቸው ተሰበረ። ልጠይቃቸው ስገባ ልጃቸው እንደ ሕፃን ታገላብጣቸዋለች። በማግስቱ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

«አባባ፣ ይበቃዎታል። እኛ ዘንድ ይምጡና ይረፉ» ብዬ ለመንኳቸው።

«የማርፈው ከምኑ ነው?» አሉና ሳቁ።

ልመናው ሲያቅተኝ ሰረቅሁ። ዛፍ ሲወጡ ወገባቸውን ከግንዱ ጋር የሚያስሩበትን የጠፍር መጫኛ ከግድግዳው አውርጄ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ ቤቴ ወሰድሁና ከእህል ጎታው ኋላ ወሸቅሁት። ያለ መጫኛ ማን ይወጣል? ብልህ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

በሳምንቱ ስሄድ ቤታቸው ዝግ ነው። ወደ ጫካው ሮጥሁ፤ ቀና ብል አባቴ ከላይ፣ አዲስ ቀፎ ከቅርንጫፍ ላይ ያስራሉ። ወገባቸው ላይ ያለውን አየሁ። ግማሹ አይጥ የበላው አሮጌ ገመድ ነው፤ ግማሹ የእናቴ መቀነት። ቀጣጥለው ቋጥረውታል።

ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ቢደነግጡስ? መልሼ ዘጋሁት። ግንዱን አቅፌ፣ «እመቤቴ፣ አንቺው በደኅና አውርጂልኝ» እላለሁ። በተንቀሳቀሱ ቁጥር መቀነቱ ሲለጠጥ ይታየኛል።

አዩኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! መጣሽ? ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ!»

አትፍሪ ይሉኛል! በራሴ እጅ ልገድላቸው ነው እኮ።

ወረዱ። እግራቸው መሬት ሲነካ እኔ ቁጭ አልሁ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ፊታቸው ግን እንደዚያ ፈክቶ በመጨረሻ ያየሁት እናቴ በሕይወት ሳለች ነው። መቀነቱን ፈትተው በጥንቃቄ አጠፉት።

«መጫኛዬን ሌባ ወሰደው» አሉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ዕንባዬ መጣ።

«ጎረቤቴን አይተሻል አይደል? እሱ ወድቆ ነው የተኛው። አንቺ ግን እኔን ቆሜ ሳለሁ ልታስተኚኝ ነው።»

በማግስቱ ማልጄ መጫኛውን መለስሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስሁት፤ የሳሳ ቦታ የለውም። ዛፉ ሥር ወገባቸው ላይ ያሰርሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮው አላስተማምን ቢለኝ ፈትቼ እንደገና ቋጠርሁት፤ እሳቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው ጠበቁኝ። ሽቅብ ሲጀምሩ ዓይኔን ልጨፍን አስቤ ነበር። አልጨፈንሁም።