ስለ ነዳጁ የተጠየቅኩት

በደርግ ጊዜ ያሰሩኝ ውቤ በረሃ ሰፈር፣ ቀበሌው የወረሰው ቡና ቤት ውስጥ ነው። ባንኮኒው ላይ ጠመንጃ ተጋድሟል። ከጀርባ ያለው የመጠጥ ማከማቻ ለሴቶች እስረኞች ተሰጥቷል። መስኮት የለውም፤ ቀን ሲሞቅ ሲሚንቶው የጠጣው ቢራ ይሸታል። በሩ ሲከፈት ውስጥ የነበሩት ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። ምን አድርገሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ደክሟቸዋል።

አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። በዚያ ሰሞን አገራችን ውስጥ ነዳጅ ተገኘ የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት፣ በቀበሌው የውይይት ክበብ መምህርቷ ታስረዳን ተባለ። ቢገኝ ደስ እንደሚለኝ ተናገርኩ። ግን ነዳጅ ብቻ ሸጦ የሚኖር አገር ዋጋው ሲወጣ ገበሬውን ይረሳል፣ እህሉንም በመርከብ ያስመጣል፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ገንዘቡም እርሻውም የለውም አልኩ። እኛም በቡና ብቻ ተንጠልጥለን፣ ውጭ አገር ዋጋው በወደቀ ቁጥር የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተሸካሚ ሳይቀር ሥራ እንደሚያጣ ጨመርኩበት። በማግስቱ ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ጥፋቴ የኢኮኖሚ አሻጥርና ሕዝብን ተስፋ ማስቆረጥ ተባለ።

አጠገቤ የሚተኙት እዚያው ሰፈር ጠጅ ቤት የነበራቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው ጠፍቶ፣ እሱን አምጪ ተብለው ነው የታሰሩት። በነዳጅ መታሰሬን ስነግራቸው መጀመሪያ ጋዝ የሰረቅኩ መሰላቸው። ነገሩ ሲገባቸው ሳይስቁ፣ «ይኸ ነዳጅ ገና ሳይወጣ አንቺን አቃጠለሽ» አሉኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ተማሪ ሳለሁ ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ባንኮኒው ጋ አስጠርቶኝ፣ እሁድ ስብሰባ ላይ ቆሜ ተሳስቻለሁ ካልኩ ወደ ቤቴ እንደምሄድ ነገረኝ። እምቢ ካልኩ ወደ ትልቁ እስር ቤት እላካለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱም አያውቅም። አልዛተብኝም። እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሕዝቡ ለስኳር ተሰልፎ ነው የሚውለው» አለኝ። «ትንሽ ተስፋ ቢያገኝ አንቺን ምን ይጎዳሻል?»

እናቴ ጉልበቷን እያመማት በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። እሺ አልኩት፤ ከልቤ ነበር።

እሁድ ጠዋት የቀበሌው ግቢ በሰው ሞላ። ያስጠኑኝን ቃል ተናገርኩ፤ ነዳጁ ድህነታችንን ያጠፋል፣ እኔ ተሳስቻለሁ። ከመድረኩ ልወርድ ስል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳሙናና ክብሪት የምንገዛቸው ጉራጌ ባለሱቅ ናቸው። ሊያጠምዱኝ አልነበረም።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «ልጄ ሱቁን ሸጠን ነዳጁ ወደሚወጣበት እንሂድ ይለኛል። ልሽጠው?»

ሊቀመንበሩ አየኝ። እኔ ስለ ጀግንነት አላሰብኩም። ሰውየው ነገ ሱቃቸውን ሊሸጡ ነው።

«አይሽጡ» አልኳቸው። «ነዳጅ ቢወጣም አንድ ቀን ያልቃል። እስኪያልቅም ዋጋውን የሚቆርጡት ሌሎች ናቸው። ሱቅዎን ይያዙ።»

አመስግነውኝ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ግንባሩን አሻሸና ለዘበኛው «መልሳት» አለው።

ስገባ ጠጅ ቤት የነበራቸው ሴት ቀና አሉ። የምፈታ መስሏቸው የምተኛበትን ቦታ ለሌላ ሰጥተውት ነበር። «ተናገርሽ?» አሉኝ። ተጠየቅኩ ብቻ አልኳቸው። ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና በነጠላቸው ጫፍ እግሬን ሸፈኑልኝ።

ወደ ትልቁ እስር ቤት ተላክኩ። ከዓመታት በኋላ ስፈታ እናቴ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው። ሽማግሌው ሱቃቸውን አልሸጡም፤ ከዚያም በኋላ ሳሙና የምገዛው ከእሳቸው ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያ ወሬ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። ይህን የሰሙ ወጣቶች፣ ለአንዲት ቃል ያን ያህል መታሰር ያዋጣ ነበር ወይ ይሉኛል። ሳስበው ይደክመኛል። ብቻ እኚያን ባለሱቅ ዋሽቼ ብፈታ ኖሮ፣ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ምን ብዬ እንደማስተምር እስካሁን አላውቅም።