የዘለልኩት መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ ንስሐ ይገባል እንዴ፣ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። አሁን ግን በቃኝ፤ እናንተ ስሙኝ።

ሰበታ ኮሌጅ ስንማር፣ የፉሪው ልጅ ጋዲሳ ኮምፒውተር አልነበረውም። ኮዱን በወረቀት ይጽፋል፤ እኔ ቤቴ ወስጄ እተይብለታለሁ። እስክንጨርስ ድረስ እንዲህ ነበር የተማርነው። አንድም ቀን ተጠራጥሮኝ አያውቅም።

በመጨረሻው ዓመት ኮሌጁ ከእኛ መካከል አንድ ረዳት አስተማሪ ሊያስቀር ሆነ። ፈተናው፣ ተራ ቁጥር ተቀብሎ በሮማውያን ቁጥር የሚጽፍ ፕሮግራም መሥራት ነበር። እኔ መዓት ገጽ ሞልቼ የተወሳሰበብኝን፣ ጋዲሳ በአጭሩ ጨርሶታል፤ ከትልቁ ቁጥር ጀምሮ እየቀነሰ ይወርዳል፣ አለቀ። ቀናሁ። ስተይብለት፣ ዘጠኝ መቶ CM ነው የሚለውን መስመር ዘለልኩት። ተሳስቼ ነው? አይደለም። ደክሞኝ ነው? አይደለም። አውቄ ዘለልኩት።

መምህራችን በሁሉም ፊት የጋዲሳ ፕሮግራም ላይ 1900 ብለው አስገቡ። MCM መውጣት ሲገባው MDCD ወጣ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ እኔ ራሴ፣ አብሬ ሳቅኩ። ጋዲሳ ስክሪኑን አየና "ዘጠኝ መቶን ረስቼው ነው፣ ቲቸር" አለ። ወረቀቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እስቲ አምጣው እንኳን አላለኝም። እኔን ከመጠርጠር ራሱን መጠርጠር ቀለለው።

ቦታውን እኔ አገኘሁ። እሱ ሙያውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ዓለም ገና ባጃጅ ይነዳል። ባገኘኝ ቁጥር "አካም፣ ቲቸር!" ብሎ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል፤ ለተሳፋሪው ሁሉ "የክፍላችን ጎበዝ ይሄ ነበር" ይላል። እኔም ፈገግ ብዬ እሰማለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዝም ብዬ እቀጥል ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ስለ ሴት ልጁ ባያጫውተኝ ኖሮ። ኮምፒውተር ካልተማርኩ ብላ አስቸግራዋለች።

"ከለከልኳት" አለኝ። "በእኔ ከወጣች ሰው ፊት ትዋረዳለች።"

ከባጃጁ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሥራ ቸግሮኝ ነበርም አልልም። ነገ እሑድ ነው፣ ቤቱ እሄዳለሁ። ሊሰድበኝ ይችላል፣ ሊያባርረኝም ይችላል፤ መብቱ ነው። ልጅቷን አስጠርቼ፣ እሷ ፊት እነግረዋለሁ፤ ጋዲሳ፣ አንተ አልረሳህም፤ ጽፈኸው ነበር።